የጋሽ ደምሴ ጠርሙስ

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አቃቂ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም፤ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ደግሞ ገና አሥራ አንድ ቀኔ። ዕድሜዬን እንዲህ በቀን ከፋፍዬ የማስታውሰው የዚያን ጊዜውን ብቻ ነው። ያን ሰሞን ግቢያችን ጠዋት የሚነቃው በቁጥር ነበር፤ የሚቆጥሩት ደግሞ ጋሽ ደምሴ ነበሩ።

ጋሽ ደምሴ ባለፈው ኅዳር አረፉ። ወሬው የደረሰን ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ውስጥ፣ ስለ ሂተር ስንጨቃጨቅ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ በገባ ቁጥር የማይቀርልን ጭቅጭቅ ነው ይሄ። ልጄ ሄለን፣ «እማዬ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ይውረድልን» ትላለች። አባቷ ግርማ፣ «ኅዳር ገና መግባቱ ነው፤ አሁን ከሰካሽው ታኅሣሥን በምን ልትወጪው ነው?» ይላታል። እኔ አንዴ ከሷ፣ አንዴ ከሱ ነኝ። ሂተሩ ቁም ሳጥኑ ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ ፍርዱን ይጠብቃል። በዚህ መሐል የግርማ ስልክ ጮኸ። የድሮ ሰፈራችን ባለሱቅ፣ ከድር ነው። «እስቲ ብቻህን ወጣ ብለህ አናግረኝ» ሲለው ለኔም ተሰማኝ። ግርማ ደረጃው ጋ ወጥቶ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ሂተሩን ቀና ብሎ አየና «ጋሽ ደምሴ…» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

የዚያን ቀን ስለ ሂተር ያነሳ ሰው የለም።

ግቢያችን ከፋብሪካው ጀርባ፣ ወደ አቃቂ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ኩሽና። ቤቶቹ ጭቃ ናቸው፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች በጋዜጣ የተለጠፈ። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልገፋሁም፤ ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ግድግዳ ነው። አንዳንዱ ጋዜጣ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ አንገቴን አጥፌ ነበር የማነበው። ጋዜጣው የወንዙን ነፋስ አያስገባም ብለን ደስ ይለን ነበር። ነፋስ የማያስገባ ግድግዳ ጭስም እንደማያስወጣ የነገሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ያኔ ጆሮ አልሰጠኋቸውም።

ጋሽ ደምሴ ሠላሳ አንድ ዓመት የፋብሪካው የቦይለር ሠራተኛ ነበሩ። ቦይለር ማለት፣ እሳቸው እንዳስረዱኝ፣ ውሃ አፍልቶ ለፋብሪካው እንፋሎት የሚሰጥ፣ ቤት የሚያህል የብረት ጋን ነው። የእንፋሎቱ ጩኸት ጆሯቸውን ስለጎዳው ሁልጊዜ የሚያወሩት በጩኸት ነበር። ሚስጥር ሲነግሯችሁ ሦስተኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ሰማያዊ ቱታቸውን ጡረታ ከወጡ በኋላም አላወለቁም፤ እሑድ ከሆነ ብቻ የታጠበውን ይለብሳሉ። ጡረታ የወጡ ለት ፋብሪካው ብርድ ልብስ ሸለማቸው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳሞቃቸው ኖሬ፣ ብርድ ልብስ!» እያሉ ከማንም በላይ የሚስቁት እሳቸው ነበሩ። ሽልማቴ የሚሉት ሌላ ነው። ያን ቀን በቱታቸው ኪስ ይዘውት የወጡት አንድ ጠርሙስ።

ነጭ የአረቄ ጠርሙስ ነው። እስከ ሩቡ ድረስ ቦይለሩ የሚያነደው ጥቁርና ወፍራም ነዳጅ አለበት፤ አፉ በሰም ታሽጓል። ነዳጁ ሲሞቀው እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ሲበርደው እንደ ማር ይንቀረፈፋል። ፋብሪካ ሳሉ የማለዳውን ብርድ የሚለኩት በሱ ነበር። ግቢያችን ውስጥም ማታ በሲባጎ አስረው ከኩሽናው ጣሪያ ጫፍ ያንጠለጥሉታል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈትተው ይገለብጡትና፣ ነዳጁ ወርዶ የጠርሙሱን አንገት እስኪሞላ ድረስ በዚያ ድምፃቸው ይቆጥራሉ።

«አንድ። ሁለት። ሦስት…»

መስከረም ላይ አሥራ አምስት ሳይደርሱ ይሞላል። ጥቅምት ላይ ከሃያ ያልፋል። ቆጥረው ሲጨርሱ ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው የኩሽናው በር ላይ «እሳት የለም» ብለው ይጽፋሉ። አርባ የሞላ ለት ግን «እሳት አለ» ይባላል። እሳት አለ ማለት ከዚያን ቀን ጀምሮ የከሰል ምድጃ ቤት ይገባል ማለት ነው። ሕግ ያወጣላቸው የለም፤ ቀበሌም እድርም አልሾማቸውም። ግን ከስድስቱ ቤት አንዱም ከዚያ በፊት ምድጃ ወደ ቤት አስገብቶ አያውቅም።

እሳቱ ሲፈቀድም እንደ ልብ አይደለም። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስድስታችንም ምድጃችንን ይዘን ወጥተን ኩሽናው ፊት እንደረድራለን። ጋሽ ደምሴ በካርቶን ያራግባሉ፣ በጉጠት እያገላበጡ ያያሉ። ጥቁር ከሰል ያለበት ምድጃ ደፍ አያልፍም። ሁሉም ነጭ አመድ ሲለብስ ባለቤቷን «ግቢ» ይሏታል። ነጩንም ቢሆን አያምኑትም ነበር። በየቤቱ ከበሩ በላይ ካለችው መስኮት አንድ አንድ መስታወት አውልቀዋል። እሳቱ ከገባ ግማሽ ሰዓት ሲሆነው በየደጁ እየዞሩ እጃቸውን ወደ ቀዳዳው ይሰዳሉ። ሙቅ አየር ከነካቸው «ይተነፍሳል» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ስድስቱም ምድጃዎች ተመልሰው ደጅ መሰለፋቸውን ሳያዩ አይተኙም።

«እሳት ተረኛ ይፈልጋል» ይሉ ነበር። «ቦይለር ለኩሶ የተኛ ሰው አይቻለሁ። ሲነቃ ግን አላየሁትም።»

ይቺ እጅ መስደድ ልማድ ሆናባቸው እንግድነት ሲሄዱም አትቀርም። ከመቀመጣቸው በፊት እጃቸውን ከበሩ በላይ ዘርግተው ትንሽ ይቆያሉ። የማያውቋቸው ሰዎች ቤቱን የሚመርቁላቸው እየመሰላቸው አብረው አሜን ይላሉ።

በጠርሙሱ ደፍሮ የሚቀልድባቸው ከድር ብቻ ነበር። ከድር ከስልጤ መጥቶ የግቢያችን በር ላይ ሱቅ የከፈተ ወጣት ነው፤ ከሰል የሚሸጥልን እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ነዳጅዎ ሰነፈ እንዴ? ይሄን ሁሉ ጆንያ ታቅፌ ልከርም ነው?»

«አንተ ከሰልህን ጠብቅ። ብርዱን ለኔ ተወው።»

አንድ ቀን ጠዋት «ዛሬ እኔ ልቁጠርልዎ» ብሎ ከጎናቸው ቆመ። «ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ!»

ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ከጠርሙሱ ሳይነቅሉ፣ «ከድር፣ ከሰል ስትሰፍርልን እንዲህ ብትቆጥር ጥሩ ነበር» አሉት። ግቢው በሳቅ አለቀ። ከድር እንዲህ ይቀልድ እንጂ ከሰል ሊገዛ የሄደውን ሰው «ለወጥ ነው ለቤት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለቤት ካሉት ወጣ ብሎ የኩሽናውን በር ሳያይ አይሸጥም።

እንግዲህ ሄለንን የወለድኳት በዚህ ግቢ ውስጥ ስንኖር ነው። ጥቅምት ማብቂያ ላይ። ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች ነው የመጣችው፤ አንድ መዳፍ ትሞላለች አትሞላም። ጡት ለመሳብ ጉልበት አልነበራትም። ነርሷ ስታሰናብተኝ፣ «መድኃኒቷ ሙቀት ነው። ብርድ እንዳይነካት» አለችኝ። ብርድ ደግሞ ከወንዙ ተነስቶ፣ በሩ ሥር ገብቶ፣ ከኛ ጋር አልጋ ላይ ይወጣል። ልጄን ደረቴ ላይ ለጥፌ ሁለት ጋቢ ተደራርቤ እተኛለሁ፤ ሲነጋ ጥፍሮቿን ሳያቸው ሰማያዊ ናቸው። ከውጪ የጋሽ ደምሴ ድምፅ ይመጣል። ሃያ ስድስት። በማግስቱም ሃያ ስድስት። ከዚያ ሃያ ሰባት። አልጋዬ ላይ ሆኜ አብሬያቸው እቆጥራለሁ፤ ሃያ ሰባት ላይ ሲያቆሙ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቅሳለሁ። ልጄ እየሄደችብኝ ይሄ ሰውዬ ጠርሙስ ይገለብጣል እል ነበር በሆዴ።

በአሥራ አንደኛው ቀን አራስነቴንም ትቼ ነጠላ ተከናንቤ ወጣሁ። ጠመኔያቸውን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ ደረስኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ለኛ ቤት ብቻ ይፍቀዱልን።»

«ሃያ ሰባት ነው፣ ልጄ።»

«ጠርሙሱ አልወለደም። የወለድኩት እኔ ነኝ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ግን ፊታቸው ተመለሰ። «እሱስ ልክ ነሽ፣ ስንዱ። ግን የልጅሽ ሳንባ ከባቄላ አይበልጥም። ለብርዱ ጋቢ አለ፤ ለከሰሉ ምን አለ? ጉዱ የማይታይ፣ የማይሸት። እንቅልፍ ይመስልሻል።»

«በብርድስ ብትሞትብኝ?»

ያን ቀን ማታ ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ ያን የሽልማት ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ይዘውልኝ መጡ። አንድ ቀን እንኳ አልለበሱትም ነበር። እኔ ግን የፈለግኩት ብርድ ልብስ አልነበረም፤ ምድጃ ነበር።

ግርማ ያኔ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነው። ቀን የሚጠጣውን ውሃ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ እንደሚሰቅለውና ከፍሪጅ እንደወጣ እንደሚቀዘቅዝ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ይቺ ወሬ ጭንቅላቴ ውስጥ ስትዞር ዋለች። ማታ ግቢው ራት ላይ ሳለ የሄለንን የታጠበ የሽንት ጨርቅ ውሃ ነክሬ ወጣሁ፣ ጠርሙሱን እንደተንጠለጠለ ጠቀለልኩት። ግርማ ሳይነጋ ለሥራ እንደወጣ ተነስቼ ጨርቁን ፈታሁ፤ ጠርሙሱን በቀሚሴ ጫፍ አድርጌ ወለወልኩት። እጄን አቃጠለኝ ከቅዝቃዜው ብዛት። ሮጬ ገብቼ ልጄን አቀፍኩ።

«…ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። አርባ አንድ።»

ግቢው በልጆች ጩኸት ተሞላ። ከድር ከሱቁ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እኔ አልቆጠርኩም፣ ምስክር አለኝ!» አለ። በመስኮቴ ሳያቸው ጋሽ ደምሴ ጠርሙሱን እንደዘቀዘቁት ቆመዋል። ቀስ ብለው አዙረው አዩት፤ ከዚያ ወደ ኛ በር አዩ። ጠመኔያቸውን አወጡና «እሳት አለ» ብለው ጻፉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምድጃዬ ከሌሎቹ ጋር ተሰለፈች። የኔን ሁለቴ በጉጠት አገላበጧት። «ጥቁር የለባትም። ግቢ» አሉኝ። አልጋው እግር ሥር አስቀመጥኳት። ቤቱ ሞቀ፣ እኔም ሞቀኝ። ሄለን ጋቢዋ ውስጥ ተንፈራጠጠች። ጥፍሮቿን ወደ ብርሃን አድርጌ ሳይ ቀልተዋል። ጡቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በጉልበት ሳበችው። ጭንቅላቴ ትንሽ ከበደኝ፤ የደስታ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጎረቤት ነው የነገረኝ። ጋሽ ደምሴ ሌላ ጊዜ ዙራቸውን የሚጀምሩት ከግቢው በር ነው፤ የኛ ቤት አምስተኛ ላይ ነበር። ያን ቀን ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ፣ ግማሽ ሰዓትም ሳይሞላ። እጃቸውን ወደ ቀዳዳው ሲሰዱ አየር አልነካቸውም። የሆነ ነገር ከውስጡ መዘዙ፣ ኪሳቸው ከተቱት። ቀዳዳው ከውስጥ በኩል በመጋረጃ የተሸፈነ ስለሆነ እኔ ምንም አላየሁም ነበር። «ስንዱ!» ብለው ተጣሩ። ያ ድምፅ ወንዙ ማዶ ይሰማል ይላሉ፤ እኔን ግን አልቀሰቀሰኝም። በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። መጀመሪያ ልጄን አንስተው ለእትዬ አለሚቱ ሰጡ። ቀጥሎ ምድጃዋን በባዶ እጃቸው ይዘው አወጡ። ከዚያ እኔን ጎተቱኝ። የምድጃዋ ጆሮ ምልክት መዳፋቸው ላይ እስከ መጨረሻው አልጠፋም።

ስነቃ ቧንቧው አጠገብ ሰሌን ላይ ተኝቻለሁ። ጭንቅላቴ ለሁለት የሚሰነጠቅ ይመስላል። ከድር በላስቲክ ጆግ ውሃ ይዞ አጠገቤ ተንበርክኳል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ውሃው የሚፈሰው በኔ ላይ ሳይሆን በሱ ሱሪ ላይ ነው። ገና ሰማዩ አልጨለመም ነበር። ከዚያ ሄለን ስታለቅስ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሕፃን ሲያለቅስ ስሰማ ቶሎ አባብሉት አልልም፤ ትንሽ ይቆይ እላለሁ።

ጤና ጣቢያ አድረን ሁለታችንም በደህና ተመለስን። ግቢው በአንድ ጥያቄ ጠበቀን፤ ቀዳዳው ክፍት አልነበረም ወይ? ጋሽ ደምሴ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «የወፍ ጎጆ ነው። ወፍ ገብታ ደፍናዋለች» አሉ። ማን ይጠራጠራቸዋል? የግቢው ልጆች ያን በጋ ሙሉ ወፏን በድንጋይ ሲፈልጉ ከረሙ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለኛ ቤት ምድጃ ቀረ። በምትኩ ጋሽ ደምሴ ጡብ ያመጡልኝ ጀመር። ሁለት ጡብ ኩሽና ውስጥ ያግላሉ፣ በጆንያ ይጠቀልላሉ፣ ጠዋትና ማታ እየመጡ በልጄ ግራና ቀኝ ራቅ አድርገው ያስቀምጣሉ። «ይሄኛው ተረኛ አይፈልግም» ይሉኛል። ሄለን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ አንድም ቀን አላጓደሉም። የክርስትና እናቷ እትዬ አለሚቱ ናቸው።

ሳምንት ያህል ዝም አልኩ። አንድ ጠዋት ጡቡን አስቀምጠው ሲወጡ ግን አላስቻለኝም።

«ጋሽ ደምሴ፣ የምነግርዎት ነገር አለ…»

«ሲባጎው እርጥብ ነበር» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ጠርሙሱን ጥሩ አድርገሽ ጠርገሽዋል። ሲባጎውን ረሳሽው።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «እያወቁ ለምን ጻፉት ታዲያ?»

«ጠርሙስ ያታለለች እናት ከሰል መደበቅ አያቅታትም። በርሽን ዘግተሽ በድብቅ ከምትለኩሺው እኔ እያወቅኩት ይሁን አልኩ። መጀመሪያ አንቺ ደጅ የመጣሁትም ለዚያ ነው።» መዳፋቸውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አገላብጠው አዩት። «ጥፋቱ የኔም ነው። ከመፍቀዴ በፊት ቀዳዳውን በቀን ማየት ነበረብኝ። ለወፏ ማለቴ ነው።» ሳል ያዛቸው። ደፉ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ። ግቢው ከሰማ ሁሉም ሲባጎ ማድረቅ ይለምዳል።»

ለማንም አልነገርኩም። ለግርማም እንኳ።

ሄለን ያደገችው በዚያ ጠርሙስ ሥር ነው። መቁጠር የተማረችው ከሱ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ እስከ አርባ ድረስ እንደ ውሃ ትለዋለች። አስተማሪዋ «ጎበዝ፣ ከአርባ በኋላስ?» ስትላት «እሳት» አለቻት። አስተማሪዋ ልጅቷ ምን ነካት ብላ አስጠራችኝ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ስቀው ከዚያ ወዲያ ስሟን ጠርተዋት አያውቁም። «አርባ» ነው የሚሏት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ከያዘች በኋላም ስልክ ስትደውልላቸው ያ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማናል። «አርባ! ብርዱ እንዴት ነው እዚያ?»

ቱሉ ዲምቱ ቤት ደርሶን የገባን ጊዜ ሊጠይቁን መጡ። አራት ፎቅ በየደረጃው እያረፉ ወጡ። ከመቀመጣቸው በፊት እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ከበሩ በላይ ዘረጉ። እዚያ ያለችው ትንሽ መስኮት በመስታወት ተዘግታለች።

«ይሄ ቤት አይተነፍስም» አሉ።

ግርማ ሳቀ። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ የምንሞቀው በኤሌክትሪክ ነው።»

ጋሽ ደምሴ በረንዳው ላይ ያስቀመጥናትን የከሰል ምድጃ አዩ። «መብራት ሲጠፋስ?» አሉት።

ግርማ ለስላሳ ልግዛ ብሎ ወረደ፤ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ወሬው በደረሰን ማግስት ለቅሶ ሄድን፤ አቃቂ፣ እዚያው ግቢ ነበር። ድንኳኑ ከኩሽናው አጠገብ ተተክሏል፤ ጠርሙሱም ከጣሪያው ጫፍ እንደተንጠለጠለ ነው። እትዬ አለሚቱ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «መነሳት ሲያቅታቸው የምቆጥርላቸው እኔ ነበርኩ» አሉኝ። «ያረፉ ለት ጠዋት ሠላሳ ስድስት ሞላ። ገብቼ ስነግራቸው፣ ገና ነው አሉኝ።» እያለቀሱ ፈገግ አሉ።

ከድር ፀጉሩ ሸብቷል። ለቀስተኛውን ውሃ እያደለ ቆይቶ እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ጆጉን አትፍሪው፣ አሁን እጄ አይንቀጠቀጥም» አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለ ጋሽ ደምሴ የሚያውቀውን ያወራል። አንዱ ፋብሪካ ውስጥ ያሉትን ይናገራል፣ ሌላዋ በሷ ምድጃ ላይ ያገኙትን ጥቁር ከሰል ታነሳለች። እኔም ወደ ግርማ ጆሮ ጠጋ ብዬ ሃያ አራት ዓመት የያዝኩትን ነገርኩት። እርጥቡን ጨርቅ፣ ሲባጎውን፣ እያወቁ መጻፋቸውን። ግርማ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ነው የመጣው። ተቆጥቶብኝ ነው ብዬ ነበር።

ቤት ገብተን ጫማችንን ስናወልቅ፣ «ወፍ አልነበረም» አለ።

«ምኑ?»

«ቀዳዳው ላይ የነበረው። ከአሮጌ ጃኬቴ የቀደድኩት እጅጌ ነው። ሁለት ቀን ቀደም ብዬ እኔ ነኝ ከውጪ የጎሰጎስኩት። ነፋሱ ልጅቷን እንዳይመታት ብዬ። ሃያ ሰባት ላይ ነበርን፤ አርባ እስኪሞላ ሳምንት አለ፣ ያኔ አነሳዋለሁ አልኩ። ያን ቀን ደግሞ ሳይቆጠር ነው የወጣሁት፤ እሳት አለ መባሉን አልሰማሁም።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «በማግስቱ ጋሽ ደምሴ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። እጅጌዋን አጥበው፣ አጥፈው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስንዱ እንዳትሰማ፣ አራስ ናት፣ ወተቷ ይደርቃል አሉኝ። ከዚያ በኋላ ልነግርሽ ስል ዓመት እየበዛበት ሄደ።»

እኔ ሲባጎውን ደብቄ፣ እሱ እጅጌውን ደብቆ፣ አንድ አልጋ ላይ ሃያ አራት ዓመት ተኝተናል። የሁለታችንንም ሚስጥር የያዙት፣ ሹክ ሲሉ ሦስተኛ ቤት የሚሰሙት ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ሄለን በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አንዴ አባቷን፣ አንዴ እኔን አየች። «ታዲያ ወፏ በከንቱ ነዋ በድንጋይ ስትባረር የከረመችው» አለች። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል።

ግርማ ተነሳ። ወንበር አምጥቶ በሩ ሥር አቆመና ወጣበት። ከበሩ በላይ ያለችውን መስታወት የያዙትን ብሎኖች በካቻቪቴ አንድ በአንድ ፈታ። መስታወቷን አውርዶ በፎጣ ጠቀለላት፣ ከአልጋ ሥር አስገባት። ተመልሶ ወጥቶ እጁን ወደ ቀዳዳው ሰደደ፤ እንደዚያ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወርዶ ሂተሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አነሳ፣ ፌስታሉን ፈታና ሰካው።